ለለተብርሃን የሚሆን ኮሜዲ

የድሮ ኮሜዲ ዛሬም ያስቃል ወይስ አያስቅም ብላችሁ የምትከራከሩ ካላችሁ ወደ እኔ ኑ። እኔ ነገሩን በወሬ አይደለም የማውቀው። ፍራሼ ላይ ተቀምጬ፣ ሪሞት ይዤ፣ አንድ በአንድ እየጠራሁ ፈርጄባቸዋለሁ። ዳኛውም ምስክሩም እኔው ነበርኩ። መጀመሪያ ላይ ጠበቃም ልቁምላቸው ብዬ ነበር፤ ኋላ አናደዱኝና ተውኩት።

የምኖረው ሀርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ነው። በዚህ ዕድሜሽ እዚያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ አትበሉኝ፤ ልጄ ናት ያመጣችኝ። ባሏ ከበርበራ ወደብ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ስትወልድ «እማዬ፣ ነይና ልጁን ያዥልኝ» አለችኝ፤ መጥቼ ያዝኩላት። ልጁ አደገ፣ በሶማልኛ መሳደብ ቻለ፣ ከዚያ እነሱ ኑሯቸውን ወደ በርበራ አዞሩ። አብረን እንሂድ ብለውኝ ሄጄ ሞክሬዋለሁ። በርበራ ያለው ሙቀት አይደለም፣ ቂም ነው። ጓዜን ይዤ ተመለስኩና አንዲቷ ክፍሌ ውስጥ ተቀመጥኩ። ልጄ እንደ ካሳ ቴሌቪዥኑን ተወችልኝ። ለእናት ቴሌቪዥን የሚተውላት «ከእንግዲህ የሚያወራሽ እሱ ነው» ለማለት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

በዚያው ግቢ ከእኔ በር ፊት ለፊት ለተብርሃን ትኖራለች። የመቀሌ ሰው ናት። ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ምግብ ታበስላለች፤ ጠዋት ትወጣለች፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ ትመለሳለች። አርብ እዚህ አገር ሁሉም ስለሚያርፍ እሷም ታርፋለች። አርብ ከሰዓት ሳታንኳኳ ትገባና «እትዬ፣ ዛሬ በማን እንሳቅ?» ትለኝ ነበር።

የምንስቅባቸው ሰዎች አንዲት ፍላሽ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ድሮ በበዓል ዋዜማ በቴሌቪዥን ይተላለፉ የነበሩ አጫጭር ኮሜዲዎች ናቸው፤ በብዙዎቹ የሚጫወተው ያው አንድ ሰውዬ ነው። እኔ ያደግኩት ጎንደር ነው። በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ ወንበር የሚያገኘውም ቀድሞ የመጣ ሳይሆን የቤቱ እመቤት ዘመድ ነበር። ይኼ ግፍ ነው ብዬ ፊት ለፊት ተናገርኩና ከዚያ በኋላ በመስኮት ሆኜ ማየት ጀመርኩ። ድምፅ ስለማይሰማኝ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ። ለተ ደግሞ በዚያው ዋዜማ፣ በዚያው ሰዓት፣ መቀሌ ውስጥ እናቷ ጉልበት ሥር ቁጭ ብላ ያንኑ ሰውዬ እያየች ትስቅ ነበር። አንተዋወቅም። ግን አብረን ነበር የምንስቀው። ይኼን ያወቅን ዕለት ለተ «እና እርስዎ ነዎታ በመስኮት የሚረብሹት!» አለችኝ።

የለተ ሳቅ ሲጀምር ድምፅ የለውም። መጀመሪያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ እጇ የሚመታው ነገር ይፈልጋል። አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ስለሆንኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ጭኔን ያመኝ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ወደ መቀሌ የሚሄደው ስልክ ተቆረጠ፤ መንገዱም ባንኩም ተዘጋ። ለተ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ወደ እናቷ ትደውላለች። ያቺ ተቀርጻ የተቀመጠች ሴትዮ ትነሳና «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ትላታለች። ሴትዮዋ ድምፅዋ ያምራል፣ እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደው። አንድ ቀን ስልኩን ከለተ እጅ ቀምቼ «ደንበኛ አይደለችም፣ እናቷ ናት! ለምን ማግኘት አትችልም? ማን ከለከላት?» ብዬ ጮህኩባት። ያንኑ በእንግሊዝኛ ደገመችልኝ።

ለተ አርብ መምጣቷን ተወች። አልተጣላንም። ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ ጤናዬን ትጠይቀኛለች፤ ከዚያ በሯ ይዘጋል። አንዲት ያገሬ ሴት ገበያ መሃል አግኝታኝ ጆሮዬ ሥር ገብታ «ከሷ ጋር ትቀመጫለሽ አሉ። የወንድምሽ ልጅ ግንባር አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ፣ ግንባር ነው» አልኳት። «ለተ ናት የላከችው?»

«እሱማ...»

«የለተን እናት ስልክ የቆረጥሽውስ አንቺ ነሽ?»

«እኔማ ምን አደረግሁ?»

«እሷም እንዳንቺው ናት» አልኳትና ቲማቲሜን ይዤ ሄድኩ። ቲማቲሙ የሷ ነበር። ሁለታችንም ስለተናደድን ያስተዋለ የለም። በማግስቱ መለስኩላት፤ ፍርድ ፍርድ ነው።

አርብ ሲደርስ ግን ክፍሌ ትሰፋለች። አዛን ይሰማል፣ ሰዉ ይሰግዳል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ ግቢው ጸጥ ይላል። እኔ በር በሩን እያየሁ ፍራሼ ላይ እቀመጣለሁ። ቴሌቪዥኑን ብከፍተው ብቻዬን መሳቅ አልችልበትም። ብቻውን የሚስቅ ሰው መጀመሪያ ራሱን ነው የሚያስደነግጠው።

ስለዚህ ለተን አንድ ጊዜ ማሳቅ አለብኝ ብዬ ቆረጥኩ። ምክር አላውቅም። «አይዞሽ» የሚለውን ሰው ሁሉ ተጠቅሞበት አልቋል። ያለኝ ያቺ ፍላሽ ናት። ግን ዝም ብዬ አልከፍትላትም፤ የሚያማት ነገር ቢኖርበትስ? እሷ ሥራ ስትሄድ ጠዋት ጠዋት ቀድሜ ልያቸውና የሚሆነውን ልምረጥ አልኩ። ችሎቱ የተከፈተው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የቀረበው በጣም የምንወደው ነበር። ሰውዬው በሰፈሩ የመጀመሪያው ባለስልክ ነው። ስልኩ ሲጮህ ሳያነሳው ይሮጥና ሙሉ ልብሱን ይለብሳል፣ ከረባቱን ያስራል፣ ጫማውን ይወለውላል፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ «ሃሎ! ማን ልበል? ይሰማል? ሃሎ!» ይላል። እስከዚያ ተዘግቷል። እኛ በዚህ ስንት ጊዜ ተንከባለናል! አሁን ግን ሰውዬው «ይሰማል?» ሲል ለተ ደረጃው ላይ የተቀመጠችው ታየችኝ። አጠፋሁት።

ሁለተኛው ከእዳ ለመሸሽ ሞቻለሁ ብሎ የሚገነዘው ነው። ለቀስተኞቹ ሲመጡ በአንድ ዓይኑ ያያቸዋል። እኔ ግን እዚህ መሬት ላይ የማን ልቅሶ መቼ እንደሚደርስ ሳላውቅ ነው የተቀመጥኩት። አለፍኩት። ሦስተኛው ምልምል ወታደር ሆኖ በዱላ የሚሰለፍ ነው፤ ግራና ቀኙን ስለማያውቅ አዛዡን ይረግጠዋል። የወንድሜ ልጅም ግራ እጁ ነው የሚቀናው። እሱንም አለፍኩት።

ቀጥሎ ዘበኛው መጣ። የሰሜን ሰው ሆኖ አማርኛ የሚሰባበርበት ዘበኛ ነው፤ ቀልዱ እሱ ብቻ ነው፣ ሌላ የለውም። እውነቱን ለመናገር በዚህ ከሁሉም አብልጣ የምትስቀው ለተ ነበረች። «እንደሱ አይደለም የሚባለው!» ትልና ተነስታ ራሷ ከዘበኛው አስበልጣ ትጫወተው ነበር። ያኔ ሲያሻት ትስቃለች፣ ሳያሻት ትተወዋለች። አሁን ብከፍተው ግን የምስቀው እኔ ነኝ፣ የምታየኝ ደግሞ እሷ። ጣቴ ሪሞቱ ላይ ቀረ።

የሠራተኛዋ ሲመጣ ጨርሼ ተቆጣሁ። ሠራተኛዋ ገጠሬ ናት፤ ፍሪጁን ቁም ሣጥን መስሏት ልብስ ትከትበታለች፣ እመቤቷ ትኮረኩማታለች፣ ሰው ይስቃል። እኔም በልጅነቴ ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ፍሪጅ ማን አሳየኝ? ከዚያ ወዲያ ለፍርድ የማየው ኮሜዲውን ሳይሆን ሳቁን ሆነ። ሳቁ ሁሉ ወደ ታች ነው የሚፈሰው። በሠራተኛዋ፣ በዘበኛው፣ በገጠሬው፣ በደንቆሮው። ትልቁ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሹም ሲገባ ሁሉም ይነሳለታል፣ ተናግሮ ይወጣል፣ ማንም አይስቅበትም። እሱም ተራው ይድረሰዋ! ይኼን ለቴሌቪዥኑ ስነግረው ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ የግቢያችን ባለቤት ኤዶ ሳህራ በሩን ከፍታ አየችኝ። ኤዶ እዚህ አገር አክስት እንደማለት ነው። ብቻዬን መሆኔን አይታ ዘጋችው።

ፍላሽዋ አለቀች። አንድም ንጹሕ አልተገኘም። እንዲህ ከሆነ አስቆርጠዋለሁ ብዬ ወደ ዐብዲ ሱቅ ሄድኩ። ዐብዲ በመንገዳችን ስልክ የሚጠግን፣ ፊልም የሚገለብጥ፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ጎልማሳ ነው። ልጅ ሳለ ይቺ ከተማ በጦርነት ስትፈርስ ቤተሰቡ ወደ እኛ አገር ተሰዶ ካምፕ ውስጥ ነው ያደገው፤ አማርኛውን ያመጣው ከዚያ ነው። አማርኛው ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር ስለሌለ እኔንም፣ ፖሊሱንም፣ ድመቷንም «አንቺ» ነው የሚለን።

«ማዘር፣ ምኑ ይቆረጥ?» አለኝ ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ።

«ስልኩ።»

ቆረጠው። «ሌላስ?»

«የሞተው ይውጣ። ወታደሩም። ዘበኛውም። ያቺ የምትኮረኩመው ሴትዮ ከነኩርኩሟ ትውጣ።»

«ይኼ የሚበላውስ? ይኼ ሰው እየበላ ነው ብቻ።»

አሰብኩ። ከሰሜን የሚመጣው ወሬ ስለ እህል ነበር። «የሚበላውም ይውጣ።»

«ታክሲ ውስጥ ነው ያለው። ታክሲም?»

«መንገድ ተዘግቷል አላልኩህም?»

«ወላሂ ማዘር፣ ይኼኛው እናቱ ስትጠራው ብቻ ነው ‹አቤት› የሚለው!»

«እሱንማ መጀመሪያ።»

ዐብዲ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። «ማዘር፣ አንቺ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከዚህ ከኛ ኤርፖርት ነበር አውሮፕላኑ ተነስቶ እኛኑ ከተማ የሚደበድበው፤ ተመልሶም እዚያው ያርፋል። ካምፕ ውስጥ አባቴ ‹ያ ፓይለት ምን ረስቶ ነው ቶሎ ቶሎ ቤቱ የሚመለሰው? ሚስቱን ይጠረጥራል መሰለኝ› ይል ነበር። ሰው መሬት ላይ ይወድቃል በሳቅ።»

«ማን ነው የሚስቀው?»

«መጀመሪያ የሚስቀው ቤቱ የፈረሰው።»

«እሱ በራሱ ቤት ነው የሳቀው። እኔ የሰው ቤት ነው የያዝኩት። ቁረጥ!»

ቆረጠ። ሲጨርስ «በቃ፣ ይኸው ንጹሕ» ብሎ ሰጠኝ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ነበር፤ እኔ ግን ሥራዬ ስለተሳካ አላስተዋልኩትም።

አርብ ከሰዓት የለተን በር አንኳኳሁ። ነይ ኮሜዲ እንይ ብላት እንደማትመጣ አውቃለሁ። «ለተ፣ ቴሌቪዥኑ አልበራልኝም፤ ነይና እይልኝ» አልኳት። ለተ ለራሷ አትነሳም፣ ለሰው ሥራ ግን ትነሳለች። መጣች። ሪሞቱን ጫን አደረገችው፤ በራ።

«ይኸው በርቷል እትዬ።»

«እጅሽ ነው የሚወደው። እስኪ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ እንዳይጠፋ።»

ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ኮሜዲው ጀመረ። ሰውዬው በሩን ከፍቶ ገባ። «እንደምን ዋላችሁ?» አለ። የቤቱ ሰዎች ተነሱለት። ወንበር ሳበና ተቀመጠ። ግድግዳውን አየ። ሰዎቹን አየ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ «በሉ ደህና ዋሉ» አለና ወጣ። አለቀ።

ሁለታችንም ጥቁሩን ስክሪን እያየን ቆየን።

«እትዬ፣ ስልኩስ?» አለች ለተ።

«የቱ ስልክ?»

«ይኼ ባለ ስልኩ ሰውዬ አይደለም እንዴ?»

«ሌላ ነው። ይመሳሰላሉ።»

«ሞቶ የሚነሳውም እሱ ነው። ዱሮ ሞቱ እዚህ ጋ ነበር፤ ኮፍያውን ሲያወልቅ።»

«ምን አውቄ። ፍላሿ አርጅታ ይሆናል።»

ዞራ አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። «ዘበኛውም አርጅቶ ሞተ?» አለችኝ።

«ጡረታ ወጥቷል።»

ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። «እና ይኼ ሰውዬ ታዲያ» አለች ቀስ ብላ፣ «ምን ሊሠራ ነው የመጣው?»

ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። መጀመሪያ ብርድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እጇ መጥቶ ጭኔ ላይ አረፈ፣ ጧ! እግዜር ያሳያችሁ፣ እንደዚያ ጥሩ ጥፊ ቀምሼ አላውቅም። «ገባ! ተቀመጠ! ወጣ!» እያለች ትመታኛለች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ዐብዲ የሰጠኝን አየሁት። ስንቱን ቀን ፈርጄ፣ ስንቱን አስቆርጬ፣ በሰውዬው እጅ የተረፈው ኮፍያው ብቻ ነው! እኔም ሳቄን ለቀቅኩት።

ትከሻዋ መንቀጥቀጡን አላቆመም፤ ድምፁ ግን ተለወጠ። እጇ ጭኔ ላይ ቀረና መምታቱን ትቶ ያዘኝ። «እማዬ ይኼን ብታይ» አለች፣ አልጨረሰችውም። አይዞሽ አላልኳትም። ምን እንደሚባል ስፈልግ በድንጋጤ ሪሞቱን ጫንኩት፤ ሰውዬው ተመልሶ ገባ። «እንደምን ዋላችሁ?»

«ደግሞ መጣ!» አለች ለተ ዕንባዋን እየጠረገች።

በዚህ መሃል ኤዶ ሳህራ ከነመስገጃዋ ሮጣ ገባች። «ማን ሞተ?» አለች። ለተ ሶማልኛ ከእኔ ይልቅ ስለምታውቅ ማንም አልሞተም፣ ቴሌቪዥን እያየን ነው አለቻት። ኤዶ ሳህራ አላመነችም፤ አሳዩኝ አለች። ከፈትንላት። መሬት ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። ሰውዬው ገባ፣ ተቀመጠ፣ ወጣ። ፈገግ እንኳ አላለችም። እኔና ለተ ሳቃችንን አፍነን እንጠብቃታለን።

«ሰውዬው ጨዋ ነው» አለች ኤዶ ሳህራ።

ለተ ተረጎመችልኝ። ኤዶ ሳህራ ቀጠለች፤ ለተም እየቆየች እየቆየች ትነግረኛለች። «እኛ በስደት ሳለን ወንድሞቼ የት እንዳሉ አላውቅም ነበር። የሚመጣው ሰው ሁሉ ይናገራል። አንዱ ታገሺ ይላል፣ አንዱ የሰማውን ይነግረኛል፣ አንዱ የኔ ይብሳል ይላል። አንዲት ሴት ግን ነበረች። ትመጣለች፣ ሰላም ትለኛለች፣ ትቀመጣለች፣ ትሄዳለች። ስሟን ረስቼዋለሁ። አቀማመጧን ግን አልረሳሁትም።» ወደ ቴሌቪዥኑ በአገጯ አመለከተች። «እንደዚህ ነው ትቀመጥ የነበረው። ይኼ ሰውዬ የየት አገር ሰው ነው?»

እኔና ለተ ተያየን። ሰውዬው ከየት እንደሆነ በእውነት አናውቅም ነበር። በዚያን ሰሞን ደግሞ ሰው ከየት ነው ተብሎ ሲጠየቅ አፍ መክፈት ያስፈራ ነበር።

«የእኛ አገር ሰው ነው» አለቻት ለተ።

«የእኛ» ስትል እኔም አለሁበት ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። ዝም ብዬ ገባሁበት።

እንግዲህ ፍርዱ ይኸው ነው፤ የድሮ ኮሜዲ የምትወዱ አትቀየሙኝ። ብዙዎቹ ወድቀዋል። አንዳንዶቹ ጦርነቱ ሲያልፍ ይግባኝ ብለው ሊመጡ ይችላሉ፣ በሬ አይዘጋም። የሠራተኛዋ ግን ይግባኝ የላትም... ማለቴ የእመቤቷ። ዐብዲም ሲያገኘኝ «ማዘር፣ አንቺ ሳቀች?» ይለኛል፤ አንቺ የሚለው እኔን ይሁን ለተን እንጃ፤ ሁለታችንም ስቀናል እለዋለሁ።

ለተ አርብ አርብ መምጣቷን ወዲያው አልጀመረችም። እኔ ግን ከማግስቱ ጀምሮ ከሥራ ስትመለስ ጠብቄ እሄዳለሁ። «እንደምን ዋልሽ?» እላለሁ። ደረጃው ላይ ከጎኗ እቀመጣለሁ። ትደውላለች፣ ያቺ ሴትዮ ትመልስላታለች፤ አልሳደብም። ግድግዳውን አያለሁ። ከዚያ «በይ ደህና እደሪ» ብዬ እነሳለሁ። ለእንደኔ ያለ አፍ ይኼ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ምላሴ ጥርሴን ሲገፋ ይሰማኛል።

አንድ ቀን በሬዲዮ ስለ ሰሜኑ ክፉ ወሬ ሰምቼ ዋልኩ። ለተ አልሰማችም። ሄድኩ፣ ሰላም አልኳት፣ ተቀመጥኩ። ወሬው ግን ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ ትንሽ ብቆይ ያመልጠኛል። እናቷ ያለችበት መሆኑን እንኳ በማላውቀው ነገር ቀኗን ላጠፋው ነው። ብድግ አልኩ።

«በይ ደህና እደሪ።»

ለተ ዓይኗን ከስልኩ አላነሳችም።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ሰውዬው እኮ ከዚህ የበለጠ ይቀመጣል።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ።